አረንጓዴ ቁልፍ የለም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋዋኔን አልቀበልም አሉኝ። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ ነበር የወሰድኩት። የመጋዘኑ ኃላፊ ስዩም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ኪሱን ገለበጠ፤ ክርኑን በብርሃን አየ፤ ከዚያ ጣቱን ሁለተኛዋ ቁልፍ ላይ አሳረፈ።

«ይህቺ ቀይ ናት» አለ።

«አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ የሰፋኋት።»

«ጋዋኑ ሲሰጥሽ አምስት አረንጓዴ ቁልፍ ነበረው። አሁን አራት ነው። አልረከብም።»

ደሜ ፈላ! በዚያች በቀይ ቁልፍ የተነሳ ስንት ነገር እንዳለፈ እሱ ራሱ ያውቃል፤ አያውቅም ብዬ ራሴን ላታልል እንኳ አልችልም። ግን የእሷን ታሪክ ካልተናገርኩ የተናደድኩበት ነገር ለማንም አይገባም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ስሜ ዘነበች ነው፤ መርካቶ ግን ዘነቡ ነው የሚለኝ። መንገድ ጠራጊ ነበርኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የልጅ ልጄ «አያቴ፣ በስልክ ተናገሪውና እኔ ልጻፍልሽ» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። መጥረጊያውን ሌላ ሰው አልጨበጠልኝም፤ እስክሪብቶውንም ራሴ እጨብጣለሁ።

ሥራውን ያገኘሁት ሁለት ልጆች ይዤ ብቻዬን በቀረሁ ጊዜ ነው። ደመወዙ ምን ያህል እንደነበረ አልናገርም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አረንጓዴ ጋዋን ተሰጠኝ፤ ለረጅም ወንድ የተሰፋ። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ ሻሼን አስሬ፣ አፍና አፍንጫዬን በጨርቅ ሸፍኜ ከሌሎቹ ጋር ስሰለፍ የወለደችኝ እናቴ እንኳ አትለየኝም ነበር።

የተመደብኩት ከእትዬ ከድጃ ጋር ነበር። የስልጤ ሴት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። እሳቸው የጠረጉት መንገድ የተላሰ ሳህን ይመስላል። መጥረግ ምን ትምህርት ይፈልጋል የሚል ሰው ካለ አንድ ማለዳ በርበሬ ተራ ይሞክረው! ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ከጠረገ እስከ ምሳ ሲያስነጥስ ይውላል። እትዬ ከድጃ መጀመሪያ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሲያውቁ ጀርባቸውን ይሰጡታል። መጥረጊያውን ውኃ አስነክተው ያራግፋሉ። የረጠበ መጥረጊያ አቧራ አያስነሳም፤ ከመጠን በላይ የራሰው ግን ጭቃ ይቀባል። ልዩነቱን እጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ረጅም አይጎትቱም፤ አጭር አጭር እየሳቡ ትንንሽ ክምር ያደርጋሉ፤ ትልቅ ክምር ጋሪ ይበትነዋላ!

ከሁሉ የሚከብደው የሱቅ ደጃፍ ነው። መርካቶ ውስጥ የመጀመሪያው ገዢ ሳይገባ ደጃፉን ከጠረግሽበት ነጋዴው «ገበያዬን ጠርጋ ወሰደችው» ይላል። ቀኑ ቢከፋበት አንቺን ሲረግም ይውላል። ስለዚህ እትዬ ከድጃ ደጃፍ ሲደርሱ በመጥረጊያው እንጨት መሬቱን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ገዢ ያገኘ ነጋዴ ከውስጥ «ጥረጊ ከድጃ!» ይላል። ያላገኘ ዝም ይላል። ዝም ሲል አልፈው ሄደው ቆየት ብለው ይመለሳሉ። እኛም ሁላችን ከእሳቸው ለመድነው። ከእኛ ውስጥ ሳታንኳኳ ደጃፍ የምትነካ አልነበረችም።

እኔን ግን የገረመኝ ስማቸው ነው። ሌሎቻችንን ነጋዴው «አንቺ!» ነው የሚለን፤ ደህና ሰው ከሆነ «ጠራጊዋ» ይላል። እሳቸውን ግን ከዚያኛው ማዶ ሆኖ በስማቸው ይጠራቸዋል። በምን ለይቷቸው? በኋላ አየሁት። ደረታቸው ላይ፣ ከኪሱ ክዳን በላይ፣ አንዲት ትልቅ ነጭ የዛጎል ቁልፍ ተሰፍታለች። ፀሐይ ሲነካት ብልጭ ትላለች።

«እትዬ፣ ይህቺ ምን ትቆልፋለች?» አልኳቸው።

«ምንም አትቆልፍም። ልጄ፣ ጋዋኑ የመንግሥት ነው። መጥረጊያውም የመንግሥት ነው። ቁልፊቱ ግን የከድጃ ናት።»

በዚያው ቀን ክርና ቁልፍ የሚሸጥበት ተራ ሮጥኩ! ሻጩ በየዓይነቱ በብልቃጥ ደርድሯል፤ የካፖርት፣ የሸሚዝ፣ የሕፃን ልብስ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው አንዲት ላይ ነው፤ እንደ በሰለ በርበሬ የቀላች፣ አራት ቀዳዳ ያላት። ማታውኑ ሰፋኋት። በማግስቱ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከሩቅ «ቀይዋ! ነይ እስቲ!» ብሎ ተጣራ። እኔ እንደ ከሰል የጠቆርኩ ነኝ፤ ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ቀይዋስ ቁልፌ ናት፤ እኔ ዘነቡ እባላለሁ» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘነቡ ሆንኩ። እስኪ አስቡት፣ መንገድ ዳር ቆሞ በስም መጠራት! እንደ ልጅ እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ነገሩ ተዛመተ። አብራን የምትጠርገው ጫልቱ ኮሌታዋ ላይ ቢጫ ዶቃ በክር ሰካች። ሌላዋ የፕላስቲክ አበባ በመርፌ ቁልፍ አያያዘች። ከሁላችን ልጅ የነበረችው በላይነሽ ሰማያዊ ቁልፍ ሰፋች። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ስትስቅ እንኳ አፏን ትሸፍናለች። ያቺ ቁልፍ ግን በእሷ ፈንታ ታወራ ነበር።

የዚያን ጊዜ አለቃችን መጥረጊያ ቆጥሮ ካስረከበን በኋላ ፊታችንንም የማያይ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ነበር። ተራ እየተቀያየረልን ብዙ ቦታ ሠራሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ብጠርግ ቆሻሻው የት እንዳለሁ ይነግረኛል። ምናለሽ ተራ ብረት ይንኳኳል፤ ሸማ ተራ የክር ቁርጥራጭ እንደ ጥጥ ይንከባለላል፤ አብነት በኩል የትኬት ወረቀትና የሸንኮራ ልጣጭ ነው። እትዬ ከድጃ ጉልበታቸው ደክሞ ሲያርፉ ማንኳኳቱ ለእኔ ቀረ፤ አዲስ የመጡትን የማስተምረው እኔ ሆንኩ።

ከዚያ አቶ መኮንን መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ሳሙና በሰዓቱ እንዲመጣ ያደረጉ እሳቸው ናቸው። ግን ቀጥ ያለ ሰልፍ ይወዳሉ። በመጡ ሳምንት አሰለፉንና ደረት ደረታችንን እያዩ አለፉ።

«ይህ ምንድነው? ሠርግ ነው እንዴ?»

«ሠርግማ ቢሆን ምሳ ይኖር ነበር» አልኩ።

ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዩኒፎርም ማለት አንድ ዓይነት ማለት ነው። ጋዋኑ ላይ ያልተሰጣችሁ ነገር እንዳይታይ!» አሉ። ፌስታል ይዘው እየዞሩ ዶቃውን፣ አበባውን፣ ቁልፉን ሁሉ ሰበሰቡ። የእኔ ቀይ ገባች። የበላይነሽ ሰማያዊም ገባች። ያን ዕለት መንገድ ላይ ስንወጣ እንደገና «አንቺ!» ሆንን።

እና ፋሲካ ደረሰ። ሸማ ተራ በበዓል ዋዜማ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ከሱቅ ወጥቶ ደጃፍ ድረስ ይከመራል። ሐጂ ኑሪ የሚባሉ ነጋዴ ማለዳ ነጫጭ ነጠላቸውን ደጃፍ ላይ ደርድረው ወደ ውስጥ ገባ እንዳሉ አንዲት ሴት ጥቁር ውኃ ደፋችበት። ሲወጡ ያዩት ፊቷን ሳይሆን ዞር ስትል ብቻ ነው። አረንጓዴ ጋዋን፣ ሻሽ፣ በቃ። የመጀመሪያ ገዢ እንኳ ገና አልገባላቸውም! እየጮኹ ቢሮ መጡ። አቶ መኮንን የዚያን ማለዳ ሸማ ተራ የተመደበችው ማን እንደሆነች ጠየቁ። በላይነሽ ነበረች።

በላይነሽ ግን በዚያ ሰዓት ሸማ ተራ አልነበረችም። ታች በኩል ካርቶን የጫነ መኪና ጭነቱን ዘርግፎ መንገድ ስለተዘጋ ልታግዘን ወርዳለች። በዓይኔ አይቻታለሁ። ቢሮው መሐል ቆሜ ተናገርኩ።

«ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ ተሸፋፍናችሁ በምን ለየሻት?» አሉኝ።

«በአካሄዷ።»

«ይህ ማስረጃ ነው?»

ወደ ሐጂ ኑሪ ዞርኩ። «ሐጂ፣ ኳ ኳ ሲል ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያው የእኛ ሰው አይደለችም! የእኛ ሰው ሳታንኳኳ ደጃፍ አትነካም!»

ሐጂ ትንሽ አመነቱ፤ አየኋቸው። ግን ነጠላቸው ጠፍቷል፣ በዓል ነው፣ ተናደዋል። ክሳቸውን አላነሱም። ሌሎቹ ሴቶች እጅጌዬን እየጎተቱ «ተይ ዘነቡ፤ ከነገሩ ጦም እደሩ» ይሉኛል። አልተውኩም። እስኪያስወጡኝ ጮኽኩ። ምንም አላመጣሁም። በላይነሽን ተራው ሁሉ እያየ፣ ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም» አሏት። ሰው ከበባት። አንዱ «ዋጋዋ ነው!» አለ። እሷ ጋዋኗን አውልቃ መጋዘን አስረከበችና በቤት ቀሚሷ ሄደች። ሰማያዊዋ ቁልፍ ደረቷ ላይ ብትኖር ኖሮ ሐጂ «ቁልፍ ነበራት ወይስ አልነበራትም» ብለው ያስቡ ነበር። እኔ የማውቀውን እውነት ማንም ሊያየው በሚችል ነገር ላይ ማሳየት አቃተኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተሸነፍኩበት ጊዜ የለም።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ጋሪ ጋዋኔን ጎተተና ሁለተኛዋን ቁልፍ በጠሰብኝ። መጋዘን ሄድኩ። ስዩም የመጋዘኑ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ ቀና ብሎ ሰው የማያይ፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚያጣጥፍ።

«ስዩም፣ ቁልፍ ስጠኝ።»

«አረንጓዴ ቁልፍ የለም።»

«ታዲያ ደረቴን ከፍቼ ልሂድ?»

«ባገኘሽው ቆልፊው።»

እየተሳደብኩ ወጣሁ። «ይህ ደግሞ መጋዘን ነው!» እያልኩ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ባገኘሽው ቆልፊው! ጌጥ ነው የተከለከለው፤ መቆለፍ መቼ ተከለከለ? ዩኒፎርም ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ መጋዘኑ አረንጓዴ የለውም፤ ሰው ባገኘው ይቆልፋላ! ሰው እያየኝ መንገድ መሐል አጨበጨብኩ። በቀጥታ ያ ቁልፍ ሻጭ ጋ! ያቺው ዓይነት ቀይ አለች። ገዛኋት።

በዚያው ሳምንት የሁላችንም ሁለተኛ ቁልፍ በየተራ «ተበጠሰ»። ምላጭ ነበር የበጠሰው፤ እሱን ለእናንተ ብቻ ነው የምነግራችሁ። ሁላችንም አንድ በአንድ ስዩም ጋ ሄድን። ለሁላችንም ቀና ሳይል «አረንጓዴ ቁልፍ የለም» አለን። ጫልቱ ቢጫ ገዛች። ሌላዋ ብርቱካን፣ ሌላዋ እንደ መስታወት የሚያስተላልፍ።

አቶ መኮንን ሰልፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ፊት ቆሙ።

«ይህ ምንድነው?»

«ቁልፍ ነው ጌታዬ።»

«ቀይ ነው!»

«አረንጓዴ የለም ተባልኩ።»

ስዩምን አስጠሩት። መጣ፣ መሬት መሬቱን እያየ «የለም ጌታዬ» አለ።

«ይሁን፤ አንቺ ግን ይህን አውልቂ!»

«ላውልቅ» አልኩና ቁልፏን ፈታሁ። ነፋስ የሚነፍስበት ማለዳ ነበር፤ ጋዋኑ ደረቱ ላይ ቧ ብሎ ተከፈተ። ከውስጥ የቤት ልብሴ፣ ያውም የተቀደደው፣ አደባባይ ወጣ። «እንዲህ ሆኜ ልጥረግ?» አልኳቸው። ጫልቱም የራሷን መፍታት ጀመረች። ከጫልቱ ቀጥላ ሌላዋ። አቶ መኮንን ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንስተው «ቆልፉ! ቆልፉና ወደ ሥራ ሂዱ!» አሉ። እንዴት ያለ ማለዳ ነበር! ሳቃችንን እስከ ሸማ ተራ ይዘነው ሄድን።

ጊዜ አለፈ። አንድ የክረምት ማለዳ ሐጂ ኑሪ እንደገና ቢሮ መጡ። ውኃ፣ ነጠላ፣ አረንጓዴ ጋዋን፤ ልክ ያኔ እንደሆነው። አቶ መኮንን ሁላችንንም አሰለፉና «ሐጂ፣ ይለዩ» አሉ። ሐጂ ቀስ ብለው አለፉ። ፊት አላዩም፤ ደረት ነበር የሚያዩት። ቀይ። ቢጫ። ብርቱካን። መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ተመልሰው ከመጀመሪያው አዩን።

«እዚህ የለችም» አሉ።

«እንዴት የለችም? ሁሉም እዚህ ናቸው።»

«ዞር ስትል አይቻታለሁ። ቁልፎቿ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው።»

ከእኛ ውስጥ ቁልፎቿ በሙሉ አረንጓዴ የሆኑ አንዲት ሴት አልነበረችም! ጫልቱ ቀድማ ገባትና እልል አለች። እኔ ግን «ሐጂ፣ ኳ ኳስ?» አልኩ። ሐጂ አዩኝ። «አልሰማሁም። ያኔም አልሰማሁም» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

ሁላችንም፣ አቶ መኮንንም ጭምር፣ ሸማ ተራ ወረድን። ከሐጂ ሱቅ ጎን አዲስ ሕንፃ አለ። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ የሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ። የለበሰችው አረንጓዴ ጋዋን ነው፤ ባለ ሕንፃው ከዚያው ከመርካቶ፣ የእኛው ከተገዛበት ተራ ነው የገዛላት። ከበብናት።

«የወለል እጣቢውን የት ነው የምትደፊው?» አልኳት።

«እዚሁ ነው እትዬ፤ ሕንፃው ከተከፈተ ጀምሮ እዚሁ ነው» አለች፣ ከደረጃው ጥግ እያሳየች። ከላይ ስትደፋው ከታች የሐጂን ደጃፍ አታየውም፤ ነጠላ ባልተደረደረበት ቀን ውኃው መሬት ላይ ወድቆ ይቀር ነበር። ሕንፃው የተከፈተው ያን ፋሲካ ነበር። ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አንዷ ልትጮኽባት ስትል «ዝም በይ!» አልኳት፤ «አንዲት ሴት ከበን ያባረርንበት ቦታ ነው፤ ሁለተኛ አይደረግበትም።» ውኃውን ወደ ቱቦው እንድትደፋ አሳየናት፤ ነገሩ አለቀ።

ሐጂ ኑሪ ግን በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። «ያቺ ልጅስ?» አሉኝ። «የት ናት?»

በላይነሽ አብነት ጋ ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ይዣቸው ሄድኩ። ሐጂ ገና ሳይቀመጡ «አለቃሽን አናግሬ ሥራሽን አስመልስልሻለሁ» አሏት። በላይነሽ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ እጇን አደረቀች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ምን እንዳለች ልንገራችሁ።

«ሥራ አለኝ ሐጂ። ስባረር ተራው ሁሉ አይቷል። አላጠፋሁም ሲባልም ተራው ሁሉ ይስማ።»

እሰይ! አልኩ በሆዴ። በአፌም ብዬው ይሆናል።

ሐጂ ቃላቸውን ጠበቁ። በገበያ ቀን፣ ሸማ ተራ ሞልቶ ሳለ፣ እሷን ሱቃቸው ደጃፍ አቁመው ጎረቤቱን በስም በስም ጠሩ። «ስሙኝ! ይህች ልጅ አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ፊት ሳላይ ከሰስኩ» አሉ። ያ «ዋጋዋ ነው» ያለው ሰው ጨርቁን ሲያገላብጥ አየሁት። አቶ መኮንንም መጥተው «እኔም ሳላጣራ ነው» አሉ፤ ላብ በላብ ሆነው። ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ሰማያዊ ቁልፏን አለች። ፌስታሉን ድሮ ጥለውታል። «እንግዲያው እኛው ጠርገነው ይሆናል» አልኩ፤ ያኔ በላይነሽ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች።

አቶ መኮንን ከዚያ ወዲህ ስለ ቁልፍ አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም። ሲዛወሩ ሊሰናበቱን መጥተው «ዘነቡ፣ ደህና ሁኚ» አሉኝ፤ በስሜ።

እንግዲህ ወደ መጋዘኑ እንመለስ። ጋዋኔ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ የስዩም ጣት ቀይዋ ቁልፍ ላይ ነው።

«አረንጓዴ አምጪና ሰፍተሽ መልሺ» አለኝ።

«አንተ ሰው! የለም የምትለኝ አንተ አይደለህም? ዕድሜ ልኬን አረንጓዴ ቁልፍ የለም፣ አረንጓዴ ቁልፍ የለም ስትል ኖረህ ዛሬ ከየት ላምጣልህ? ከሰማይ?»

ስዩም ጎንበስ ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አወጣ። ክዳኑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። አረንጓዴ ቁልፍ! እስከ አፉ የሞላ አረንጓዴ ቁልፍ እየተንከባለለ ጋዋኔን ሸፈነው።

አንዷን አንስቼ አገላብጬ አየኋት።

«መቼ ነው የመጣው?» አልኩት።

«ከነጋዋኖቹ ነው የመጣው። ሁልጊዜም ነበረ።»

«ታዲያ ለምን?»

ስዩም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ያን ዕለት በላይነሽ ጋዋኗን ያስረከበችው ለእኔ ነበር። እያለቀሰች፣ ግን አሳምራ አጣጥፋ። እኔ ጮኼ መናገር አልችልበትም፤ አንቺ ትችያለሽ። በማግስቱ ማለዳ ጣሳውን ከሥር አስገባሁት።»

ስንት ዓመት ሰደብኩት! ስንት ጊዜ ከኋላው «ይህ ደንቆሮ» አልኩ! ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መርፌና ክር ሰጠኝ። ቀይዋን በጥርሴ በጥሼ አወጣኋት፤ በቦታዋ አንዲት አረንጓዴ ሰፋሁ። ቀይዋ አሁን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ናት። የልጅ ልጄ «ነጠላ ላይ ቁልፍ ምን ይሠራል?» ትለኛለች፤ ይህን ስታነብ ይገባታል።

ስዩም ጋዋኔን ተረክቦ ቁልፎቹን ወደ ጣሳው ሲሰበስብ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ በሩ ላይ ብቅ አለች። ደረቷ ተከፍቷል፤ ሁለተኛዋ ቁልፍ የለችም።

«ጋሼ፣ ቁልፌ ተበጠሰብኝ። ሌላ ይኖራል?»

ስዩም በክንዱ ጣሳውን ከለል አድርጎ ክዳኑን ገጠመው። መሬት መሬቱን እያየ፣

«አረንጓዴ ቁልፍ የለም» አላት።